በቀን አሥራ አንድ ጊዜ መነሳት

የጉዳተኛ ድጋፉ የጸደቀልኝ በ2079 ዓ.ም. ኅዳር ውስጥ፣ አንድ ማክሰኞ ጠዋት ነው። ካመለከትኩ ሦስት ዓመት ከአራት ወር ሆኖኝ ነበር። መልእክቱ ሲመጣ ባለቤቴ አሊጋዝ ጮክ ብሎ አነበበው፣ መልሶ አነበበው፣ ከዚያ ጎረቤት እስኪሰማ እልል አለ። የወንድ እልልታ ድሮም አያምርም፤ የእሱ ደግሞ የተበላሸ ፊሽካ ይመስላል። እኔ አለቀስኩ። ሰው ወገቡ መጎዳቱን ስላመኑለት በደስታ ሲያለቅስ አስቡት።

ትብለጥ እባላለሁ። ሃምሳ አንድ ዓመቴ ነው፤ የምኖረው ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ ነው። ሃያ ሁለት ዓመት የሆቴል አንሶላ የሚታጠብበት ቤት ሠርቻለሁ። የሚያጥበው ማሽን ነው፣ የሚያደርቀውም ማሽን ነው፤ እርጥቡን አንሶላ ከአንዱ ወደ ሌላው የሚሸከመው ግን ሰው ነበር፣ ሰው ከማሽን ይረክሳል ተብሎ። አንድ ቀን አንድ ክምር ሳነሳ ወገቤ ውስጥ የሆነ ነገር ቀጭ አለ። ከዚያ ወዲህ የምቆመው በወር አንድ ጊዜ በምወጋው መርፌ ነው። መርፌውን ካገኘሁ እተኛለሁ፣ ግራ እግሬም ይታዘዘኛል። ካላገኘሁ በሁለተኛው ሳምንት እግሬ ግንድ ይሆናል፤ ሐኪሙ እንደነገረኝ ከሆነ ደግሞ አንድ ቀን ግንድ እንደሆነ ይቀራል። ሦስቱን ዓመት በጊዜያዊ ፈቃድ፣ አንዴ ሲሰጡኝ አንዴ ሲከለክሉኝ ነው የቆየሁት። ሳይቋረጥ የሚሰጠው ለጸደቀለት ሰው ብቻ ነው። ልቅሶውም እልልታውም ለዚህ ነበር።

አሁን አሁን ያመለከቱ ሰዎች እየመጡ «ከጸደቀ በኋላስ ምን አለ?» ይሉኛል። ለእያንዳንዱ ከማወራ አንዴ ልጻፈው ብዬ ነው።

ከጸደቀ በኋላ ሰው ይመጣል። የእኔ ጉዳይ የተሰጣት ወይዘሪት ወርቂት ለምትባል ልጅ ነው። የዛሬ ወጣቶች ስማቸው ሁሉ ከታሪክ መጽሐፍ የወጣ ነው፤ ወርቂት፣ ዓምደ ጽዮን፣ ወለተ ጊዮርጊስ። ሽማግሌዎቻችን ናቸው እነ ኢዩኤል፣ እነ ፌቨን። ወርቂት ሐሙስ ዕለት መጥታ ጫማዋን በር ላይ አውልቃ ገባች፤ ጨዋ ልጅ ናት፣ ይሄን አልክድም። እጄ ላይ አምባር አሰረችልኝ፤ ቀጭን፣ ግራጫ፣ በድግስ ቀን ደብቁት ደብቁት የሚል ዓይነት። ከዚያ አንድ ወረቀት ሰጠችኝ።

«ይሄ የእርስዎ ልክ ነው» አለችኝ።

ወረቀቱ ላይ በቀን 1,310 እርምጃ እንደምራመድ፣ ከሁለት ኪሎ በላይ እንደማላነሳ፣ በአንድ ጊዜ ከሰባት ደቂቃ በላይ እንደማልቆም፣ ከተቀመጥኩበት ወይም ከተኛሁበት ደግሞ በቀን አሥራ አንድ ጊዜ እንደምነሳ ተጽፏል። ይህን ያወቁት ለሰባት ቀን መመርመሪያ ክፍል ውስጥ ብቻዬን አስቀምጠው ለክተውኝ ነው። አልጋ፣ ወንበር፣ መጸዳጃ ቤት፣ ግድግዳ። የሚገባ የሚወጣ ሰው አልነበረም፤ ምግቡም መድኃኒቱም በግድግዳው ቀዳዳ ነበር የሚመጣልኝ።

«ከዚህ በላይ መንቀሳቀስ አይፈቀድልኝም ማለት ነው?» አልኳት።

«ኧረ ማን ይከለክልዎታል እትዬ ትብለጥ? ገደብ እኮ አይደለም። እርስዎ ራስዎ ነዎት።»

«ከበለጠስ?»

«ከበለጠማ ተሽሎዎታል።»

«ካነሰስ?»

«ብሶብዎታል። የሕሙማን ማቆያ ማዕከል ውስጥ አልጋ ይያዝልዎታል።»

«እና እኔ ምን ላድርግ?»

«ምንም። እንደ ራስዎ ይሁኑ» አለችና ፈገግ አለች።

የመጀመሪያው ዓመት የማረጋጊያ ዓመት ይባላል። በአንድ ወር ውስጥ ሦስት ጊዜ ከልኬ ከወጣሁ መዝገቡ እንደገና ይከፈታል፣ መርፌውም እስኪጣራ ይቆማል። ዓመቱ በሰላም ካለቀ ግን ቋሚ እሆናለሁ፤ ከዚያ በኋላ የሚነካኝ የለም። ወርቂት ይሄንን ስትነግረኝ ቀላል ነገር ነበር የመሰለኝ። በገዛ ራሴ ልክ መኖር ምን ያቅተኛል?

ኑሮ ተጀመረ። ጠዋት ከአልጋ መነሳት አንድ። መጸዳጃ ቤት ሁለት ነው፤ ለመሄድ አንድ፣ እዚያው ተቀምጦ ለመነሳት አንድ። በቀን ሦስቴ ብሄድ ስድስት። ለምሳ አንድ፣ ለራት አንድ። ሁለት ይተርፉኛል። ሁለቱ የራሴ ናቸው፤ አንዱን ደጅ ወጥቼ ፀሐይ ለመሞቅ አደርገዋለሁ፣ አንዱን እንግዳ ቢመጣ ብዬ አቆየዋለሁ። ሻይ መጠጣት ቀነስኩ። ውሃም ቀነስኩ። ታኅሣሥ ላይ ወጥ ሲገነፍል ዘልዬ ተነሳሁና አምባሩ ነዘረኝ። «ይህ እንቅስቃሴ ከእርስዎ ጋር አይመሳሰልም» አለኝ በሴት ድምፅ፣ በትሕትና። ወጡ እዚያው ምድጃው ላይ አለቀ።

የሚያናድደው መጥፎው ቀን ብቻ አይደለም። ደህናው ቀን ይብሳል። አንዳንድ ቀን ወገቤ ሳይታሰብ ምሕረት ያደርግልኛል፤ ቤቱን ልጥረግ፣ መጋረጃውን አውርጄ ልጠበው ያሰኘኛል። በዚያ ቀን እጄን ጉልበቴ ላይ አድርጌ ፎቶ እንደሚነሳ ሰው ተቀምጬ እውላለሁ። ዝናብ ሲመጣ ደግሞ አጥንቴ ውስጥ ይገባና መላወስ ያቅተኛል። ያን ቀን የግድ 1,310 መራመድ አለብኝ፣ አለዚያ ብሶባታል ተብሎ አልጋ ይያዝልኛል። አመሻሽ ላይ ከምድጃው እስከ መስኮቱ፣ ከመስኮቱ እስከ ምድጃው፣ ጥርሴን ነክሼ እመላለሳለሁ። አሊጋዝ ባትሪ መለወጫ ጣቢያ ውሎ ሲመጣ በዚህ ሁኔታ ያገኘኛል።

«ሰው ሥራውን ሠርቶ ይደክመዋል፣ አንቺ በሽታሽን ሠርተሽ ይደክምሻል» አለኝ አንድ ቀን። ቀልዱ ነበር። ሁለታችንም አልሳቅንም።

ሰኞ ሰኞ አባቴ ይመጣል። ኢዩኤል ይባላል፣ ሰማንያ አንድ ዓመቱ ነው፣ የሚኖረው ቦሩ ሜዳ ነው። ሰኞ ገበያ ወርዶ የሚገዛውን ይገዛና ስምንት ሰዓት ገደማ ወደ እኔ ይወጣል። በሩ ላይ ሲደርስ ብድግ እላለሁ፤ «በእግዚአብሔር፣ በእግዚአብሔር» ይላል፤ እቀመጣለሁ፣ እሱም ይቀመጣል። ከዚያ የሰፈሩን ወሬ አምጥቶ ይዘረግፍልኛል። ሰኞ የእንግዳውን መነሳት ለእሱ ነው የማቆየው፤ ጠዋትም ውሃ አልጠጣም። ስለዚህ ቁጥሩ አይዛነፍም። ይሄን ብልሃት በራሴ ስላገኘሁ ትንሽ ኩራት ሳይሰማኝ አልቀረም።

የካቲት ላይ ጎረቤታችን እማማ ሶስና ሞተች። ወገቤ በተሰበረ ሰሞን ስድስት ወር ሙሉ ጠጉሬን ያጠበችልኝ እሷ ናት። ለቅሶዋ ላይ አለመቀመጥ አይታሰብም። ቅሬያችን፣ የሰፈሩ ቀባሪ ማኅበር፣ ድንኳኑን የተከለው ከቤታችን ሁለት መቶ እርምጃ ላይ ነው። እኔም ሁሉን አስቤ ነበር። አሊጋዝ በጋሪ ወስዶኝ በጋሪ እንዲመልሰኝ ተነጋገርን፣ እርምጃዬ እንዳያልፍ። ውሃ እንኳ ለሰው እንዳላቀብል ጥግ ላይ ተቀመጥኩ። አምባሩ ለቅሶ ቤት ውስጥ እንዳይለፈልፍ ብዬ ንዝረቱንም ድምፁንም አጠፋሁት። ከዚህ በላይ ጥንቃቄ አላውቅም።

ከዚያ ሽማግሌዎቹ መምጣት ጀመሩ። የቅሬው ሊቀ መንበር አባ ፉአድ ገቡ፤ ድንኳኑ ሙሉ «ኖር!» ብሎ ተነሳ፣ እኔም ተነሳሁ። «በአላህ ይሁንባችሁ፣ አትነሱ» አሉ። ተቀመጥን። እማማ ፌቨን ገባች፣ ተነሳን። የሟች ታላቅ ወንድም ገባ፣ ተነሳን። ከቃሉ ወረዳ የመጡ ዘመዶች ገቡ፣ አንድ በአንድ፣ ሁሉም ሽበታም። ተነሳን፣ ተቀመጥን፣ ተነሳን። ለሽማግሌ ብድግ ማለት እንቅስቃሴ ነው ብሎ የቆጠረ ሰው እስከ ዛሬ አላጋጠመኝም። ሰላምታ ነው። እኔ የተማርኩት እርምጃ እንድቆጥር፣ ኪሎ እንድቆጥር፣ መጸዳጃ ቤት እንድቆጥር ነው፤ ቤት ለአባቴ አንዱን ባቆይም፣ የለቅሶ ቤቱ መነሳት አንድ ጊዜም በአእምሮዬ አላለፈም።

ማታ ቤት ገብቼ አምባሩን ስከፍተው ሦስት ጊዜ «ከልክዎ ወጥተዋል» የሚል መልእክት ጠበቀኝ። ያን ቀን አርባ ሦስት ጊዜ ተነስቻለሁ።

በማግስቱ መነሳት አቃተኝ። አራት ቀን ከአልጋ አልወረድኩም፤ አሊጋዝ በማንኪያ ነበር የሚያጎርሰኝ። አምባሩ ይሄንንም መዘገበ። ሰኞ ጠዋት ሁለት ደብዳቤ ባንድ ላይ መጣልኝ። አንደኛው እንደተሻለኝ ስለታወቀ መርፌዬ እስኪጣራ መቆሙን ይገልጻል። ሁለተኛው እንደባሰብኝ ስለታወቀ ማዕከል ውስጥ አልጋ እንደተያዘልኝ ያበሥራል። ሁለቱንም የፈረመው አንድ ሰው ነው።

ደወልኩ። የሚያነሳው ድምፅ ስለ ትዕግሥቴ አመሰገነኝ። በማግስቱም ደወልኩ፣ አሁንም አመሰገነኝ። በሕይወቴ እንደዚያ ሳምንት ተመስግኜ አላውቅም። አሊጋዝ ሄዶ ጮኸባቸው፤ የጮኸው ግን እንግዳ መቀበያው ላይ ካለው መስታወት ጋር ነው። ሁለተኛው ሳምንት ሲገባ እግሬ መደንዘዝ ጀመረ። በሦስተኛው ሳምንት ከጉልበቴ በታች ያለው የእኔ አልመስል አለኝ፤ በጣቴ ብነካው የሌላ ሰው እግር የነካሁ ያህል ነው። እንቅልፍ የሚባል ነገር ጠፋ። ያኔ ተጠራሁ።

ጽሕፈት ቤቱ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። የሚቀመጡበት አለ፣ ቁጥር ይጠራል፣ ተነስተው ወደ ሌላ መቀመጫ ይሄዳሉ፣ እዚያም ቁጥር ይጠራል። ወርቂት ጋ እስክደርስ አራት መነሳት ፈጀሁ። የመጣሁት ብዙ በመነሳት ተከስሼ መሆኑን ልብ በሉ።

ወርቂት ራሷ ተነስታ ተቀበለችኝ፣ ለእኔ ለታላቋ። ከዚያ ተቀምጣ ሰሌዳዋን ከፈተች።

«እትዬ ትብለጥ፣ የካቲት አሥራ ሰባት አርባ ሦስት ጊዜ ተነስተዋል። ማን አስነሳዎት?»

«ማንም አላስነሳኝም። ለቅሶ ነበር፤ ሽማግሌ ይገባል።»

«ሽማግሌዎቹ እንዲነሱ አዘዙዎት?»

«ምን ያዙኛል? እንዲያውም በእግዚአብሔር አትነሺ ነው የሚሉኝ።»

ጣቷ ሰሌዳው ላይ ቆመ። «አትነሺ ብለውዎት ነው የተነሱት?»

«አዎ።»

«እንግዲያው በራስዎ ፈቃድ ነው የተነሱት ማለት ነው። በራስ ፈቃድ ከሆነ አቅም አለ ማለት ነው።»

«አንቺ ልጅ» አልኳት፣ «አሁን ስገባ ምን አደረግሽ?»

«ምን አደረግሁ?»

«ተነሳሽልኝ። አቅም ስላለሽ ነው?»

እውነት ለመናገር ፊቷ ላይ ያየሁት ማፈር ነው። «እኔ ይገባኛል እትዬ» አለች ቀስ ብላ፣ «ቅጹ ላይ ግን ያለው 'በፈቃድ' እና 'በግዳጅ' ብቻ ነው። ሦስተኛ የለውም።»

«በእግዚአብሔር አትነሺ የሚባለው እኮ ለተነሳ ሰው ነው። ቁጭ ላለ ሰው ማን ይለዋል?»

«ይሄን የት ልጻፈው?»

እግሬ ያን ጊዜ ወንበሩ ሥር ተሰትሮ ነበር፣ በእጄ አንስቼ ያስቀመጥኩት። ምን ይሻላል አልኳት። የሚሻል ነገር ነበራት፤ ተዘጋጅታበት ነበር የጠበቀችኝ። «በግዳጅ» የሚለውን ከመረጥን ማኅበራዊ ጫና ተብሎ ይያዝልኛል። የካቲት አሥራ ሰባት ከመዝገቤ ይሰረዛል፣ ተከትለው የመጡት አራት ቀኖችም ይሰረዛሉ። መርፌውን ዛሬውኑ፣ እዚሁ ሕንፃ ታች ፎቅ፣ ወግተውኝ ይሰዱኛል። የሚፈለገው ያስነሱኝን ሰዎች ስም መዘርዘር ነው።

«ምን ያደርጓቸዋል?» አልኩ።

«ምንም! ቅጣት የለውም። አስነሺ ተብለው ይመዘገባሉ፣ በቃ። ወደ እርስዎ ሲቃረቡ ስልካቸው ያስታውሳቸዋል። ለእርስዎ ደኅንነት ነው።»

ይሉኝታ ቢስ ናት እንዳትሉኝ። ሦስት ሳምንት እንቅልፍ ያላየ ሰው ምን ቢጠይቁት ምን እንደሚል እናንተም አታውቁትም። ጀመርኩ። አባ ፉአድ። እማማ ፌቨን። የሟች ወንድም። ስም በጠራሁ ቁጥር ፎቶው ሰሌዳው ላይ ብቅ ይላል፣ ወርቂት «እሳቸው ናቸው?» ትለኛለች፣ ናቸው እላለሁ። ያሳደጉኝ ሰዎች ናቸው። ሠላሳ አራት ሲደርስ አለቀ አልኳት።

«አላለቀም» አለች። «ሰኞ አለ።»

«ምን ሰኞ?»

«ሰኞ ሰኞ፣ ስምንት ሰዓት አካባቢ። ቁጥሩ ልክ ነው፣ አሥራ አንድ ነው። አነሳስዎ ግን ይለያል። ሌላ ጊዜ ጠረጴዛ ተደግፈው፣ በዘጠኝ ሰከንድ ነው የሚነሱት። ሰኞ ስምንት ሰዓት ላይ ምንም ሳይደገፉ፣ በሁለት ሰከንድ ይነሳሉ።» ቀና ብላ አየችኝ። «የሚመጣው ማን ነው?»

እኔ ራሴ አላውቅም ነበር። ወገቤ ለእሱ እንደዚያ እንደሚሆንለት ማንም አልነገረኝም። ደስ ሊለኝ የሚገባውን ነገር የሰማሁት በዚያ ወንበር ላይ፣ እንደ ጥፋት ሆኖ ነው። ለሩብ ሰዓት ያህል አልናገርም አልኳት። ስሙ ካልገባ ዝርዝሩ እንደማይዘጋ፣ ዝርዝሩ ካልተዘጋ መርፌው እንደማይፈቀድ፣ ዓርብም ማዕከሉ ገብቼ እንደምተኛ ነገረችኝ። ስትነግረኝ ዓይኗን ከሰሌዳው አላነሳችም፣ ግን ነገረችኝ።

«ኢዩኤል» አልኩ። «አባቴ ነው።»

ታች ፎቅ ወርጄ ተወጋሁ። ያን ቀን ከሰዓት ጀምሮ ተኛሁ፣ በማግስቱ ረፋድ ላይ ነቃሁ። ግራ እግሬ ጣቶቼን ሲያነቃንቅልኝ አሊጋዝ ሳመው። እግሬን ማለቴ ነው።

ወር ሳይሞላ ሌላ ለቅሶ ሆነ። በዚህኛውም አልቀርም ብዬ በጋሪ ሄድኩ። ድንኳኑ ውስጥ ገብቼ ስቀመጥ ደጅ ላይ ስልኮች ተራ በተራ ሲናገሩ ይሰማኛል። «በአቅራቢያዎ የተረጋገጠ ጉዳተኛ አለ። እባክዎን እንዳያስነሱ ይጠንቀቁ።» የሚገባ ሽማግሌ ጠፋ። በድንኳኑ ቀዳዳ ሳይ አባ ፉአድ፣ እማማ ፌቨን፣ ሌሎቹም፣ ፀሐይ ላይ፣ ድንጋይ ላይ ተደርድረው ተቀምጠዋል። ለቅሶ ሊቀመጡ የመጡ ሰዎች ናቸው፤ እኔ ስላለሁ ነው ውጭ የቀሩት። አሥር ደቂቃ ሳይሞላ ወጣሁ። በአጠገባቸው ሳልፍ ሁሉም ፈገግ አሉልኝ፣ በእጃቸውም «እለፊ፣ እለፊ» አሉኝ።

አባ ፉአድ ማታ ደወሉልኝ። «አይክፋሽ ልጄ» አሉኝ። «ለአንቺ ብለን ነው። መዳን ትልቅ ነገር ነው፣ አብሽሪ።»

ቢቆጡኝ፣ ስማችንን አሳልፈሽ ሰጠሽ ብለው ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር። የሚሰድበኝ ጠፋ። ከዚያ በኋላ ለቅሶ ቤት አልሄድኩም፤ ሽማግሌ የሚባል ሰውም ቤቴን አልረገጠም። ገበያ መንገድ ላይ ሲያዩኝ መንገድ አሳብረው ይሄዳሉ። ከሩቅ ሆነው ባርኔጣቸውን አንስተው ይሰግዱልኛል።

አባቴ ከተመዘገበ በኋላ የመጣው አንዴ ነው፣ መጋቢት መጨረሻ ላይ በአንዱ ሰኞ። ጆሮው ስለሚከብደው የስልኩ ድምፅ እስከ መጨረሻው የተለቀቀ ነው። «እባክዎን እንዳያስነሱ ይጠንቀቁ» የሚለውን እኔ ከእሱ በፊት ነው የሰማሁት። የግቢው በር ጋ ቆመ።

«ትብለጥ!» ብሎ ተጣራ።

«አቤት አባባ!»

«ተቀምጠሻል?»

«ተቀምጫለሁ።»

«በይ እንደተቀመጥሽ። እኔ እዚሁ ይሻለኛል።»

እንደዚያ ሆነን ተጫወትን፣ እሱ ደጅ፣ እኔ ውስጥ። ሽምብራው ዘንድሮ ማማሩን ጮኸ። የጎረቤቱ ላም መንታ መውለዷን ጮኸ። መንገደኛው ሁሉ የእኛን ወሬ እየሰማ ያልፋል። አሊጋዝ አላስችለው አለና ወጣ።

«አባባ ይግቡ እንጂ፣ ደጅ ቆመው ሰው ምን ይለናል?»

«ትነሳለቻ!»

«አትነሳም። ትብለጥ፣ አትነሺም አይደል?»

«አልነሳም» አልኩ። በሃምሳ አንድ ዓመቴ ይህቺን ቃል አባቴ ፊት ተናግሬ አላውቅም።

ገባ። የወንበሩን እጀታ በሁለት እጄ ጨብጬ ይዤ ነበር። እግሩ ደፉን ሲረግጥ ሰውነቴ በራሱ ጊዜ መነሳት ጀመረ፤ እኔ አላዘዝኩትም። አሊጋዝ ከኋላዬ መጥቶ እጁን ትከሻዬ ላይ አሳረፈ። ከብዶ አልተጫነኝም፤ ማሳረፍ ብቻ ነው ያሳረፈው። ሰውነቴ ተመለሰ። አባቴ የአሊጋዝን እጅ አየ።

«በእግዚ...» ብሎ ጀመረና ተወው።

ሽምብራ በፌስታል ይዟል። ቤቱ መሀል ላይ ቆመ። አሊጋዝ ወንበር ሳበለት። «ይቀመጡ እንጂ አባባ» አልኩት፤ «እሺ» አለ፣ ግን አልተቀመጠም። አባቴ የሚቀመጠው ሰው ከተነሳለት፣ እሱም በእግዚአብሔር ተቀመጡ ካለ በኋላ ነው። ያ ሳይሆን እንዴት እንደሚቀመጥ አያውቅም። ወንበሩን ያያል፣ እኔን ያያል፣ እጁ ላይ ያለውን ፌስታል ያያል። ተናደድኩ፤ በማን እንደተናደድኩ ግን ቢጠይቁኝ ስም አላገኝለትም ነበር። አምባሩ የእኔን እንጂ የእሱን አይቆጥርም፤ እኔ ግን ቆጠርኩ። ሰባት ደቂቃ ቆመ።

ከዚያ ሽምብራውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። «በይ ሳይመሽብኝ ልሂድ» አለ። ስምንት ሰዓት ተኩል ነበር።

በሚቀጥለው ሰኞ ደወለ። ጉልበቴን አሞኛል አለ። ከቦሩ ሜዳ ደሴ በእግሩ ይወርድ የነበረ ሰው ነው፣ ጉልበቱን አሞት አያውቅም። እንግዲያው እኔ ልምጣ አልኩት፣ አሊጋዝ መኪና ይይዝልኛል። «አይ ልጄ» አለኝ። «መጥተሽ ብትነሺስ? መድኃኒትሽ ቢቀርብሽ እኔ ምን ይውጠኛል?» ከዚያ በኋላም በየሰኞው ይደውላል። አጭር አጭር ነው የምናወራው። በስልክ ወሬ አያውቅም።

ሰኔ መግቢያ ላይ ወርቂት ደወለችልኝ። ድምፅዋ ላይ ደስታ ነበር፣ ከልቧ የሆነ ደስታ።

«እንኳን ደስ አለዎት እትዬ ትብለጥ! የማረጋጊያ ዓመትዎ ከጊዜው በፊት ተዘጋልዎት። ቋሚ ሆነዋል። ከእንግዲህ መርፌዎን የሚነካብዎት የለም።»

«ከጊዜው በፊት? እንዴት ሆኖ?»

«ላለፉት ስምንት ሳምንታት ሰኞዎ ከሌሎቹ ቀኖችዎ ጋር አንድ ሆኗል። ምንም የሚለይ ነገር አልተገኘበትም።»

«ምንም?»

«ምንም» አለችኝ።

አመሰገንኳትና ዘጋሁት። አሊጋዝ እልል ይላል ብዬ ፈራሁ፤ አላለም። ዕለቱ ሰኞ ነበር፣ ስምንት ሰዓት አልፏል። ከቀኑ ውስጥ ገና ስድስት መነሳት ቀርቶኝ ነበር፤ የምነሳለት ሰው ግን አልነበረኝም።